ገለጉ፦ ሁሉ የሚያልፍባት ከተማ



በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ አንድ መንገድ ተጽፎ እናገኛለን። ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ የሚወርድ የምድረ በዳ መንገድ ነው። ፊልጶስ በሰማርያ ብዙ ሕዝብ ቃሉን በሚሰማበት፣ ከተማው በደስታ በተሞላበት ሰዓት የጌታ መልአክ ወደዚያ ባዶ መንገድ ላከው። እዚያም ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ሲያነብ ደረሰበት። ስለ ጃንደረባው ብዙ ሰብከናል፤ ብዙም ተምረናል። ስለ መንገዱ ግን እምብዛም አናስብም። እግዚአብሔር ሰው የማይቆጥረውን፣ መንገደኛ በፍጥነት ሊያልፈው የሚፈልገውን ስፍራ ያያል። በዚያም ሥራ አለው።

እኛም ዛሬ በአገራችን ምዕራብ ጫፍ ስለሚገኝ እንዲህ ስላለ ስፍራ ልናወጋችሁ ወደድን። ስሟ ገለጉ ነው።

ከተማዋና ወንዟ

ገለጉ በምዕራብ ጎንደር የቋራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ስሟ የወንዝም ስም ነው። የገለጉ ወንዝ ከደጋው ተነሥቶ ቆላውን አቋርጦ ወደ ሱዳን ይሻገራል፤ ከድንደር ወንዝ ጋርም ይቀላቀላል። በክረምት ሞልቶ መንገድ ይዘጋል፤ በበጋ ደግሞ ይደርቅና አሸዋው ይቀራል። ውኃው ፓስፖርት የለውም፤ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ሲፈስ የሚያስቆመው የለም። ሰው ግን በ1894 ዓ.ም. ግንቦት ወር ዐፄ ምኒልክና እንግሊዞች በተፈራረሙት ውል በዚህ ቆላ ላይ መስመር አሰመረ። ከዚያ ወዲህ አንዱ ዳር ኢትዮጵያ፣ ሌላው ዳር ሱዳን ተባለ።

ከገለጉ ወዲያ የአላጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ይዘረጋል። በ1998 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው፤ ከሱዳኑ የድንደር ፓርክ ጋርም ድንበር ለድንበር ይዋሰናል። በ2008 ዓ.ም. ተመራማሪዎች በዚህ ፓርክ አንበሳ መኖሩን በካሜራ አረጋግጠናል ሲሉ ዜናው ዓለምን ዞረ። የአካባቢው ሰው ግን ቀድሞም የሚያውቀው ነገር ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በዳር ያለ ሰው የሚያውቀውን መሐል አገር ያለው የሚያምነው ብዙ ዘግይቶ ነው። ይህ በአንበሳ ብቻ አይደለም፤ በሕመምም፣ በረሃብም፣ በጸሎት ርእስም እንዲሁ ነው።

የቆዩትና የተወሰዱት

ቆላውን «ባዶ መሬት» ብሎ መጥራት የተለመደ ነው። ባዶ ግን አልነበረም። የጉሙዝ ሕዝብ በዚህ ምድር ከጥንት ጀምሮ ኖሯል፤ ማሽላውን ዘርቷል፣ አድኗል፣ ማር ቆርጧል፣ የወንዞቹን ስም ያውቃል። ነገሥታት ሲወጡና ሲወርዱ፣ ሠራዊት ሲመጣና ሲሄድ እርሱ በዚያው ነበር።

የዚህ ሕዝብ ታሪክ ግን እንባ አለበት። መተማ ለብዙ ዘመን የታወቀች የንግድ በር ነበረች። የስኮትላንዱ መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1764 ዓ.ም. ከጎንደር ወጥቶ ወደ ስናር የወረደው በዚሁ ምድር አድርጎ ነው። ከደጋ ቡናና ሰም፣ ፈረስና በቅሎ ይወርዳል፤ ከሱዳን ጥጥና ጨርቅ ይወጣል። በዚያው ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር። ከተሸጡት መካከል በደጋው ሰው የተፈነገሉ የጉሙዝ ልጆች ይገኙባቸዋል። የሚፈነግሏቸው ሰዎች በአንገታቸው ማተብ ያሰሩ፣ ጾምና በዓል የሚያከብሩ ነበሩ። ዛሬ ልንደግመው የማይገባንን ስም አውጥተውላቸው፣ ያንኑ ስም ለባሪያ መጠሪያ አደረጉት።

ይህን የምናነሣው ሌላውን ለመክሰስ አይደለም። እኛም የዚያው ሕዝብ ልጆች ነን። ዛሬ ወደ ጉሙዝ መንደር ወንጌል ይዘን ስንሄድ የምንገባው ወደ ባዶ ቤት እንዳልሆነ ማወቅ ይገባናል። አያቶቻችን ባንኳኩት በር ነው የምናንኳኳው፤ እነርሱ ያንኳኩት ግን ልጅ ሊወስዱ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ስብከታችን በትሕትና መቀመጥ፣ የቀረበልንን መብላት፣ ቋንቋቸውን መማር ሊሆን ይገባዋል። ይቅርታ ሳይጠይቅ የሚሰብክ ሰው ድምፁ ይሰማል እንጂ ቃሉ አይገባም።

የቋራው ካሳና የሐዋርያት መንገድ

ቋራ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ዐፄ ቴዎድሮስን ነው። ካሳ ኃይሉ ከዚህ ምድር ወጥተው በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። ከዚያ በፊት ግን በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ገጥመው ተሸነፉ። የፈረሰኛ ጀግንነት በመድፍና በሠለጠነ ወታደር ፊት እንደማይቆም ያዩት በዚያ ቀን ነው። ያ ቀን ከልባቸው አልወጣም።

በዚያው ዘመን የኢየሩሳሌም የፕሮቴስታንት ጳጳስ የነበረው ሳሙኤል ጎባት፣ ቀድሞ በ1822 ዓ.ም. በአገራችን ወንጌልን ያስተማረ ስዊዘርላንዳዊ፣ ለኢትዮጵያ ሸክም ነበረው። በባዝል ከተማ አጠገብ ያለው የቅዱስ ክሪስቾና ሚስዮን ወጣት የእጅ ሠራተኞችን አሠልጥኖ ይልክ ጀመር። ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝለን እ.ኤ.አ. በ1856 መጽሐፍ ቅዱስ ጭነው ገቡ። የክሪስቾና ሰዎች ሌላም ትልቅ ሕልም ነበራቸው፦ ከግብፅ ተነሥቶ በአባይ ሸለቆ በኩል ኢትዮጵያ የሚደርስ፣ 12 ጣቢያዎች ያሉት፣ እያንዳንዱም በአንድ ሐዋርያ ስም የሚጠራ መንገድ። «የሐዋርያት መንገድ» ብለው ሰየሙት። ጣቢያዎቹ ከአሌክሳንድርያና ከካይሮ ጀምሮ በካርቱም አድርገው እስከ መተማ እንዲዘረጉ ታሰበ። የመንገዱ መጨረሻ፣ ወደ ኢትዮጵያ የሚያስገባው በር፣ ይኸው የእኛ ቆላ ነበረ።

ሕልሙ አልተፈጸመም። አሥራ ሁለቱ ጣቢያዎች አልተሟሉም፤ የተከፈቱትም በንዳድና በገንዘብ እጦት ብዙም ሳይቆዩ ተዘጉ። በደጋ ያሉትን ሚስዮናውያን ደግሞ ሌላ ፈተና ገጠማቸው። የደባርቂን ቀን ያልረሱት ንጉሥ ከእነዚህ ባለ እጆች የፈለጉት ትልቅ መድፍ ነበር። በጋፋት ተቀምጠው መድፍ ቀለጡላቸው፤ «ሴባስቶፖል» የተባለውም ከእጃቸው ወጣ። መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው የመጡ ሰዎች የጦር መሣሪያ ሠሪዎች ሆኑ።

በክፉ አንፍረድባቸው። እምቢ ማለት በማይቻልበት ስፍራ ነበሩ። ነገር ግን ከታሪካቸው እንማር። የሥልጣን ባለቤት ወንጌላውያንን በደስታ ሲቀበል ከመደሰታችን በፊት ከእኛ የሚፈልገው ምን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። በ1858 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የታሰሩትን አውሮፓውያን ለማስፈታት የተላከው ሆርሙዝድ ራሳም ወደ ንጉሡ የገባው በመተማ በኩል ነበር፤ እርሱም ራሱ ኋላ ታሰረ። መጨረሻው መቅደላ ሆነ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.። ሚስዮናውያኑ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ።

በሰው ዓይን ሁሉም ነገር ያከተመ ይመስል ነበር። ነገር ግን በደምቢያ በጀንዳ ዙሪያ ቃሉን ያነበቡ ኢትዮጵያውያን ቀርተው ነበር። በፍላድ እጅ ያደገው ሚካኤል አረጋዊ በአውሮፓ ተምሮ ወደ አገሩ ተመለሰና አውሮፓዊ ሚስዮናዊ እንዳይገባ በተከለከለበት ዘመን ሥራውን ለብዙ ዓሥርት ዓመታት መራ። ታላቁ መንገድ ሳይሠራ ቀረ፤ ጥቂት አገር በቀል አማኞች ግን መንገድ ሆኑ። ጣቢያ ይዘጋል፤ ቃሉን በራሱ ቋንቋ ያነበበ ሰው ግን አይዘጋም።

መተማ፣ 1881

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን እጅግ መራራ ነበር። በጥር 1880 ዓ.ም. የደርቡሽ ጦር በዚሁ የቆላ በር ገብቶ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል ነሣ፤ ጎንደርንም አቃጠለ። በዓመቱ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ታላቅ ሠራዊት አስከትለው ወረዱ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ድሉ ወደ ኢትዮጵያውያን ባጋደለበት ሰዓት ንጉሡ በጥይት ተመቱ፤ በማግስቱም ዐረፉ። አስከሬናቸው በጠላት እጅ ወደቀ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። የዛሬዋ የድንበር ከተማ መተማ ዮሐንስ የምትባለው በእርሳቸው ስም ነው። ያንኑ ጊዜ «ክፉ ቀን» የሚባለው ረሃብ አገሩን መታው፤ ከብት አለቀ፣ ሰው አለቀ።

በዚያ ሜዳ በሁለቱም ወገን ያለቀውን ሕዝብ ስናስብ «እግዚአብሔር ከእኔ ጋር ነው» ብሎ ያልወጣ ሠራዊት እንዳልነበረ እናስተውላለን። አንዱ በመስቀል፣ አንዱ በጨረቃ ምልክት ስር ተሰለፈ። ቀባሪ ያላገኘው ግን ስሙ በየትኛውም መጽሐፍ ያልተጻፈው ባላገር ነበር።

የጌዴዎን ሠራዊት

ሃምሳ ዓመት ካለፈ በኋላ ይኸው ድንበር የነጻነት በር ሆነ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የቋራ አርበኞች ቆላውን ይዘው ነበር። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ዳንኤል ሳንፎርድ ከሱዳን ተነሥቶ በቋራ በኩል ወደ ጎጃም ዘለቀ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በዚሁ የድንበር ቆላ ኦሜድላ ላይ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ተከሉ።

ከእርሳቸው ጋር ያለው የእንግሊዝ መኮንን ኦርድ ዊንጌት ከወንጌላውያን ቤተ ሰብ የተወለደ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ከልጅነቱ የተማረ ሰው ነበር። ትንሿን ጦሩን «የጌዴዎን ሠራዊት» ብሎ ሰየማት፤ ከመሳፍንት መጽሐፍ ምዕራፍ 7 የወሰደው ስም ነው። ታሪኩ ለጆሮ ያስደስታል፤ ጥቂቶች ብዙዎችን አሸነፉ። ነገር ግን በዚያ ጉዞ በሺህ የሚቆጠሩ ግመሎች በመንገድ ላይ ረግፈው ቀሩ። ግመሎቹን የመሩት፣ ውኃ ያለበትን ጉድጓድ ያሳዩት፣ እህል ያካፈሉት የቆላው ሰዎች ናቸው። ንጉሡ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ፤ መንገድ መሪዎቹ ወደ ማሽላ ማሳቸው ተመለሱ። ታሪክ እንደ ልማዱ አለፈ፤ እነርሱም እንደ ልማዳቸው ቀሩ።

ከቋራ የወጡት

በቋራ ጉያ ለዘመናት የኖሩ ሌሎችም ነበሩ። ቤተ እስራኤላውያን በዚህ ምድር ብረት ቀጥቅጠው፣ ሸክላ ሠርተው፣ ሰንበታቸውን ጠብቀው ኖረዋል። የራሳቸው የአገው ቋንቋ ነበራቸው፤ ቋርኛ ይባላል። ፍላድ እ.ኤ.አ. በ1866 ባሳተመው መጽሐፍ የዚህን ቋንቋ ቃላት ሰብስቧል። ዛሬ ቋንቋው የሚነገርበት ቤት ማግኘት ጭንቅ ነው።

በ1977 ዓ.ም. ረሃብና ጦርነት ባየለበት ጊዜ ብዙ ሺህ ቤተ እስራኤላውያን በእግራቸው በዚህ ድንበር ወደ ሱዳን ወረዱ። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች በሺህ የሚቆጠሩ ሞቱ። «ዘመቻ ሙሴ» በተባለው በረራ ወደ 8,000 የሚሆኑት እስራኤል ገቡ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. «ዘመቻ ሰሎሞን» ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ሲያነሣ የቋራዎቹ ከርቀታቸው የተነሣ አልደረሱበትም። በብዛት ወጥተው የተጠቃለሉት እስከ 1991 ዓ.ም. ድረስ ቆይተው ነው።

ጎረቤቶቻቸው ሲሸኟቸው ምን ተሰማቸው ይሆን? ማረሻውን የሳለላቸው፣ ምጣዱን የሠራችላቸው ሰው ሄደ። በሕይወት ሳሉ «ቡዳ» እያሉ የሸሹት ጎረቤት ሲሄድ የቀረው ባዶ ቤት ነው። እኛ የአብርሃምን አምላክ የምናመልክ ሰዎች የአብርሃምን ስም የሚጠራውን ጎረቤት እንዴት እንዳየነው ጌታ ይጠይቀናል።

የመጡት

አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመጣል። በ1995 ዓ.ም. ከተጎዱ የደጋ ወረዳዎች ብዙ ቤተ ሰብ በሰፈራ ወደ ቋራና ወደ መተማ ወረደ። ከዚያም በየዓመቱ ሌላ ሕዝብ ይመጣል፤ የቀን ሠራተኛው።

የሰሊጥን ነገር የማያውቅ የገለጉን ሕይወት አያውቅም። ሰሊጥ ሲደርስ ቀን አይሰጥም። ፍሬው ሳይፈነዳ ታጭዶ፣ በነዶ ታስሮ፣ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ተደርጎ በአንድ ላይ ይከመራል፤ ክምሩን ሂላ ይሉታል። ደርቆ ሲከፈት ተገልብጦ ይራገፋል። ጥቂት ቀን የዘገየ ገበሬ ሀብቱ መሬት ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ በመስከረምና በጥቅምት ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከደጋው ጎንደር ወጣቶች በብዛት ይወርዳሉ። አንድ ፌስታል፣ አንድ ነጠላ፣ አንድ ማጭድ ይዘው ነው። ገንዘብ ይዞ ለመመለስ የመጣ ብዙ ነው፤ ሳይመለስ የቀረም አለ። በዚያው የቀሩትን «ሳሉግ» ይሏቸዋል።

ማታ በማሳ ዳር፣ በግራር ሥር ይተኛሉ። ወባ አለ። ካላዛር ደግሞ አለ፤ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ጣፊያን የሚያሳብጥ፣ ሥጋን የሚያከሳ፣ ካልታከመ የሚገድል በሽታ። ትኩሳቱ ወባ ስለሚመስል ብዙው በወባ መድኃኒት ጊዜውን ያባክናል። ከታወቀ ግን ሕክምና አለው። የረዘመ ትኩሳት ያለበትን ልጅ «በርታ፣ እንጸልይልሃለን» ብሎ መሸኘት አይበቃም፤ እየጸለዩ እጁን ይዞ ሐኪም ቤት ማድረስ የፍቅር ሥራ ነው። ደጉ ሳምራዊ ዘይትና ወይን አፍስሶ አላበቃም፤ በራሱ አህያ ጭኖ አድርሷል፤ ሒሳቡንም ከፍሏል።

እንዲህ ባለች ከተማ ሁሉም እንግዳ ነው። ጎረቤትህ ከየት እንደመጣ በአነጋገሩ ትለያለህ። ለቅሶ ሲሆን የሚያለቅስለት ዘመድ የሌለው ሰው ብዙ ነው። ዕድር ውስጥ ያልገባ የቀን ሠራተኛ ሲሞት ማን ይቀብረዋል? እኛ እንደሚመስለን በቆላ ከተማ ያለች ጥቂት አማኞች የሚሰበሰቡባት ቤት የምትመዘነው በዚህ ነው። በድምፅ ማጉያዋ ሳይሆን ስሙን ለማታውቀው ሰው መቃብር በመቆፈሯ።

በበሩ የቆመው እንግዳ

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ፈነዳ። በቀናት ውስጥ መተማ ዮሐንስ በሰው ተጥለቀለቀች። ሱዳናውያን፣ ኤርትራውያን፣ ከሱዳን የሚመለሱ ኢትዮጵያውያን ልጆቻቸውን አዝለው ተሻገሩ። በኩመርና በአውላላ መጠለያ ተከፈተ።

አሁን ነገሩን ሁሉ አንድ ላይ እንየው። በ1881 ዓ.ም. ደርቡሽና ሐበሻ የተራረዱበት በር ይኸው ነው። በ1977 ዓ.ም. የተራበው ሕዝባችን በገዳሪፍ በኩል እንጀራና ውኃ ፍለጋ የተሻገረበትም በር ይኸው ነው። ሱዳን ያኔ በሯን አልዘጋችም። ዛሬ የዚያ ሕዝብ ልጆች በእኛ ደጅ ቆመዋል። የቱን እናስብ? የመተማን ደም ወይስ የገዳሪፍን ውኃ? መጽሐፍ ቅዱስ ለእስራኤል የሰጠው መልስ ግልጽ ነው፤ እናንተም በግብፅ ምድር ስደተኞች ነበራችሁና ስደተኛውን ውደዱ የሚል ትእዛዝ ነው (ዘዳ. 10፥19)።

ቀላል ነው አንልም። የአካባቢው ሕዝብ ራሱ ተፈናቅሏል። በ2011 ዓ.ም. በምዕራብ ጎንደር በተነሣው ግጭት ጎረቤት ከጎረቤቱ ተለያይቶ ብዙ ቤት ተቃጥሏል። መንገዱ ዛሬም ያስፈራል፤ ሰው ታግቶ ገንዘብ ይጠየቅበታል። የራሱ ቁስል ያልደረቀ ሰው የሌላውን ቁስል አጥብ ሲባል ይከብደዋል። ሆኖም በጌታችን ቁስል ነው እኛ የተፈወስነው።

እንግዲህ ወገኖች፣ ወደ ፊልጶስ መንገድ እንመለስ። በገለጉ መንገድ ንጉሥ አለፈ፣ ሠራዊት አለፈ፣ ነጋዴ አለፈ፣ ሚስዮናዊም አለፈ። ከሁሉም የበለጠ ፍሬ ያፈራው በትልቅ ዕቅድ ሳይሆን በአንድ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ያነበበው ነው። ፊልጶስም ያደረገው ይህን ነው፤ ሠረገላው ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፣ ጠየቀ፣ አስረዳ። ምናልባት ከእናንተ አንዱ በሥራ ምደባ፣ በንግድ ወይም በመፈናቀል እንዲህ ባለ የድንበር ከተማ ትኖሩ ይሆናል። «እግዚአብሔር ረስቶኝ ነው እዚህ የጣለኝ» አትበሉ። የምድረ በዳውን መንገድ የመረጠው ራሱ ነው። ገና እየፈለጋችሁ ያላችሁም አንባቢያን፣ ጃንደረባው መልሱን ሳያገኝ ጥያቄውን በግልጽ እንደጠየቀ አስቡ። ጌታ የሚጠይቅን ሰው በበረሃም ያገኘዋል።

በዚህ ሳምንት በጸሎታችን ገለጉን፣ መተማን፣ ገንዳ ውኃን በስም እንጥራ። ለጉሙዝ ወገኖቻችን፣ በማሳ ዳር ለሚያድሩ ወጣቶች፣ በመጠለያ ላሉ እናቶች፣ በመንገድ ለሚንገላቱ ሾፌሮችና ተሳፋሪዎች እንለምን። ከጸለይንም በኋላ በየከተማችን ካለው ሱዳናዊ፣ ተፈናቃይና የቀን ሠራተኛ ለአንዱ በራችንን እንክፈት።

ጸሎት፦ አባት ሆይ፣ አንተ የዳሩንም የመሐሉንም ታያለህ። አያቶቻችን በድንበር ላይ ላፈሰሱት ደምና ለወሰዱት ልጅ ይቅር በለን። ያለፉትን ብቻ ሳይሆን የቀሩትንም በስማቸው ታውቃቸዋለህና እኛም እንድናውቃቸው ዓይናችንን ክፈት። በልጅህ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።